ለቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ የሚያስፈልግ ስንቅ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር በየትምህርት ቤቱ የሚሰማው ጥያቄ «ዘንድሮ ስንት ልጆች ገቡልን?» የሚል ነው። «የገቡትስ ልጆች እዚያ ምን ይጠብቃቸዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይገኝም። ይሁን እንጂ ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ያላነሰ ክብደት አለው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን 12ኛ ክፍልን አጠናቀው፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርስቲው ተሰብስበው ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ጠባብ በር ያለፈ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ተደናቅፎ ሲመለስ የሚጠፋው የአንድ ሰው ዕድል ብቻ አይደለም፤ የወላጆቹ ድካም፣ የመምህራኑ ልፋትና የአገር ገንዘብም አብሮ ይጠፋል።

በተለይም ወደ ምሕንድስና ትምህርት የሚሄዱት ተማሪዎች ሲሰናከሉ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የአእምሮ ማነስ አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም። ልጁ ትጉህ ነው፤ ያጠናል፤ ሌሊት ይነሣል። ነገር ግን የሚያጠናበት መንገድ እዚያ ከሚጠየቀው ሥራ ጋር አይገጥምም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲመሰገንበት የኖረው ችሎታ መልሱን ማስታወስ ነበር፤ በቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ የሚጠየቀው ግን መልስ ያልተሰጠውን ጥያቄ አደራጅቶ መልስ እስኪያገኝ ድረስ መሥራት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የሁለቱን ልዩነት በምሳሌ ማስረዳትና፣ መምህሩ ልጁን ከመሸኘቱ በፊት ምን ዓይነት ስንቅ ሊያስይዘው እንደሚችል ማመልከት ነው።

የተቋሙ ጠባይ

የቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ የሚባለው ሳይንስንና የእጅ ሥራን በአንድ ጣራ ሥር አገናኝቶ የሚያስተምር ከፍተኛ ተቋም ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው። በፓሪስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1794 የተመሠረተው ኤኮል ፖሊቴክኒክ ለመሐንዲስነት የሚታጩትን ወጣቶች በቅድሚያ በሒሳብና በፊዚክስ ካጸና በኋላ ወደ ድልድይና መንገድ፣ ወደ ማዕድንም ሙያ ትምህርት ቤቶች ይልካቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 የተቋቋመው የአሜሪካው ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ በማኅተሙ ላይ መጽሐፍ የያዘ ምሁርና መዶሻ የያዘ ሠራተኛ ጎን ለጎን አስቀርጿል፤ መሪ ቃሉም «አእምሮና እጅ» የሚል ነው። የዚህ ዓይነቱ ተቋም ጠባይ በእነዚህ ሁለት ቃላት ይጠቃለላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአገራችንም ይኸው መንገድ ደረጃ በደረጃ ተጉዟል። የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1945 ዓ.ም. የምሕንድስና ኮሌጅ ተቋቋመ፤ በዚያው ዘመን በስዊድን መንግሥት እርዳታ የሕንፃ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። ሁለቱም ኋላ በ1954 ዓ.ም. በተመሠረተው ዩኒቨርስቲ ሥር ገብተው፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለሚባለው ተቋም መሠረት ሆነዋል። በባሕር ዳር ደግሞ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ወደ ዩኒቨርስቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ የሚል መመሪያ ካወጣ በኋላ የምሕንድስና ተማሪዎች ቁጥር በብዙ እጥፍ አደገ። በ2003 ዓ.ም. በ1980ዎቹ አጋማሽ በቴክኒክ ኮሌጅነት የተጀመረው የናዝሬቱ ተቋም የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ ተባለ፤ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጠርዝ በቂሊንጦም የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ ተቋቋመ። እነዚህ ሁለቱ ከብሔራዊው ፈተና ሌላ የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ሲሰጡ የቆዩ ናቸው።

የሳምንቱ ሥራ እንዴት ይከፋፈላል?

የምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት 5 ዓመት ይፈጃል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ገቢ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ከሒሳብና ከፊዚክስ ጋር እንግሊዝኛን፣ ሎጂክን፣ ሥነ ልቦናን፣ ጂኦግራፊንና የመሳሰሉትን የጋራ ኮርሶች ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የምሕንድስና ሥዕል፣ ስለ ጉልበትና እንቅስቃሴ የሚያጠናው ሜካኒክስ፣ ከፍ ያለ ሒሳብና የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይመጣሉ። እነዚህ ኮርሶች ሲቪል፣ ኤሌክትሪካል፣ ሜካኒካል፣ ኬሚካል ወደሚባሉት የትምህርት ክፍሎች ከመለየት በፊት ተማሪው ሁሉ የሚያልፍባቸው ደጆች ናቸው። በርትቶ የመጣ ልጅ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚንገዳገደው በእነዚህ ላይ ነው።

ትምህርቱ የሚሰጠው በአራት መልክ ነው። አንደኛው ሌክቸር ነው፤ በዚህ መምህሩ ፊት ለፊት ቆሞ ዋናውን ሐሳብ ያስረዳል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ወር የሚፈጅ ምዕራፍ እዚህ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ሊያልቅ ስለሚችል፣ ሁሉን ነገር ደጋግሞ የሚያስረዳ ሰው የለም። ሁለተኛው ቲቶሪያል ነው፤ በወረቀት የተሰጡ ጥያቄዎች ይሠሩበታል። ሦስተኛው ላብራቶሪ ነው፤ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ይለካሉ፣ ይመዘግባሉ፣ ሪፖርት ይጽፋሉ። አራተኛው የወርክሾፕና የሥዕል ክፍል ነው፤ ሞረድ፣ መጋዝ፣ የብየዳ መሣሪያና የሥዕል ጠረጴዛ ያሉበት ነው።

አዲስ ተማሪ ሌክቸሩን ዋና ትምህርት፣ የቀሩትን ሦስቱን ግን ተጨማሪ አድርጎ ይገምታል። ይህ የመጀመሪያው መሰናክል ነው። በእርግጥ ሌክቸሩ የሚያሳየው መንገዱን ነው፤ መንገዱ የሚኬደው በቲቶሪያሉ፣ በላብራቶሪውና በወርክሾፑ ነው። ሲዋኙ አይቶ ዋና የተማረ ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ ጥያቄ ሲፈታ አይቶ መፍታትን የተማረ ተማሪም የለም።

ማስታወስና መሥራት

ልዩነቱን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፈተና ላይ «እምቅ ኢነርጂ ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ጎበዝ ተማሪ ትርጉሙን ሳያዛንፍ ይጽፋል። «20 ኪሎግራም የሚመዝን ዕቃ 30 ሜትር ከፍ ቢል እምቅ ኢነርጂው ስንት ነው?» ቢባልም ሦስቱን ቁጥሮች አባዝቶ መልሱን ይሰጣል። ከአራቱ ምርጫዎች አንዱን ማክበብ ብቻ ነው የሚቀረው።

በቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ ግን ይኸው ዕውቀት በሚከተለው መልክ ይመጣል፦ «1,000 ሰዎች የሚኖሩበት መንደር አለ። የውሃ ምንጩ ከሸለቆው፣ ቤቶቹ ከኮረብታው ላይ ናቸው። ከምንጩ እስከ ኮረብታው ያለው ከፍታ 30 ሜትር ነው። ውሃውን የሚያወጣ ፓምፕ ምረጡ።» በጥያቄው ውስጥ እምቅ ኢነርጂ የሚል ቃል የለም። ምርጫም አልተሰጠም። የጎደሉ ቁጥሮችም አሉ።

ተማሪው በመጀመሪያ አንድ ሰው በቀን ስንት ውሃ ይፈልጋል ብሎ መጠየቅ አለበት። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢታሰብ ለ1,000 ሰው በቀን 20,000 ሊትር፣ ማለት 20,000 ኪሎግራም ውሃ ያስፈልጋል። ይህን በ30 ሜትር ከፍ ለማድረግ 20,000 በ9.8፣ እንደገና በ30 ይባዛል፤ 5,880,000 ጁል ይሆናል። ፓምፑ በቀን 4 ሰዓት ይሥራ ቢባል 4 ሰዓት 14,400 ሴኮንድ ስለሆነ፣ በየሴኮንዱ 408 ጁል፣ ማለት 408 ዋት ይጠይቃል።

ትምህርት ቤት ቢሆን እዚህ ላይ «መልሱ 408 ዋት ነው» ተብሎ ይዘጋል። በምሕንድስና ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ፓምፕ ከሚሰጠው ኃይል ከፊሉ በሙቀትና በፍትጊያ ይጠፋል፤ ግማሹ ብቻ ለሥራ ይውላል ብለን ብንገምት 816 ዋት ያስፈልጋል። ውሃው በቧንቧው ውስጥ ሲሄድ ከግድግዳው ጋር ስለሚፋተግ፣ ከፍታው በ20 በመቶ የጨመረ ያህል ይቆጠራል ብንል ወደ 980 ዋት ይደርሳል። በገበያ ላይ በዚህ አካባቢ ያለው ሞተር 1.1 ኪሎዋት ነውና እርሱ ይመረጣል።

ይህም ከሆነ በኋላ ሌሎች ጥያቄዎች ይከተላሉ። መብራት ሁለት ቀን ቢጠፋ መንደሩ ምን ይጠጣል? ለሁለት ቀን የሚበቃ ማጠራቀሚያ ይሠራ ቢባል 40,000 ሊትር ውሃ 40 ቶን ይመዝናልና መሬቱ ይሸከመዋል ወይ? ፓምፑ በ4 ሰዓት ፈንታ 8 ሰዓት ቢሠራ ትንሽ ሞተር ይበቃል፤ ግን የጠባቂው ደመወዝ ይጨምራል፤ ታዲያ የትኛው ይሻላል? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫውስ ከየት ይመጣል? አንባቢው እንደሚያስተውለው፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ፊዚክስ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ ነው። ከባዱ ነገር ያልተነገረውን መጠየቅ፣ የጎደለውን በምክንያት መገመት፣ ከበርካታ መልሶች አንዱን መምረጥና የተመረጠበትን ምክንያት ማስረዳት ነው።

ትርጉም በቃል የሸመደደ ተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣበት «ይህን አልተማርንም» ይላል። ተምሮታል። ያልተማረው በተማረው ነገር መሥራትን ነው።

መለካትና ስሕተትን ማወቅ

ሁለተኛው እንግዳ ነገር ላብራቶሪ ነው። ተማሪው የተለካ ቁጥር ሁሉ እውነት ይመስለዋል፤ ካልመሰለውም መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ የራሱን ያስተካክላል። በቴክኖሎጂ ትምህርት ይህ ከባድ ጥፋት ነው። የሚለካ ሰው ሁሉ ይሳሳታል፤ ዋናው ነገር ስሕተቱ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅና ማሳነስ ነው።

ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ክር ላይ ድንጋይ ታስሮ ይንጠልጠልና ትንሽ ገፋ ተደርጎ ይለቀቅ። ድንጋዩ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ 2 ሴኮንድ ያህል ነው። የመሬትን ስበት ለማግኘት የክሩ ርዝመት በ4ና በፓይ ስኩዌር ተባዝቶ፣ ለአንዱ ውዝዋዜ ጊዜ ስኩዌር ይካፈላል። አሁን ተማሪው በሰዓት ሲለካ እጁ ቢዘገይ ወይም ቢቀድም 0.2 ሴኮንድ ይሳሳት እንበል። አንድ ውዝዋዜ ብቻ ከለካ ያገኘው ጊዜ ከ1.8 እስከ 2.2 ሴኮንድ ሊሆን ይችላል፤ ስበቱም ከ12.2 እስከ 8.2 ድረስ ይዋዥቃል። እንዲህ ያለው መልስ ለምንም አይበጅም። ነገር ግን 20 ውዝዋዜ ቆጥሮ የሁሉንም ጊዜ በአንድ ላይ ቢለካ 40.1 ሴኮንድ ያህል ያገኛል። ያው 0.2 ሴኮንድ ስሕተት አሁን ለ20 ስለሚካፈል፣ ስበቱ ከ9.72 እስከ 9.92 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ክሩም ድንጋዩም ሰዓቱም አልተለወጠም፤ የተለወጠው አሠራሩ ብቻ ነው።

ይህን አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ተማሪ ዩኒቨርስቲ ገብቶ «የስሕተት ትንታኔ» የሚል ርዕስ ሲያይ አይደነግጥም። ከዚህም በላይ አንድ የሥነ ምግባር ትምህርት ይዞ ይሄዳል፤ ይኸውም ያገኙትን ቁጥር እንዳገኙት መጻፍ ነው። የወንዙን ሙላት ወይም የአፈሩን ጥንካሬ ሳይለካ የጻፈ መሐንዲስ ድልድዩን ከነሰዉ ይጥላልና።

ዓይንንና እጅን ማሠልጠን

ብዙዎችን የሚያስቸግረው ሌላው ኮርስ የምሕንድስና ሥዕል ነው። እዚህ የሚፈለገው የውበት ሥዕል አይደለም። አንድን ዕቃ ከፊት፣ ከላይና ከጎን አይቶ ሦስት ሥዕሎች ማውጣት፣ ወይም ሦስቱን ሥዕሎች አይቶ ዕቃውን በልብ ማየት ነው። ዛሬ የመጨረሻው ሥዕል የሚሠራው በኮምፒዩተር ቢሆንም፣ ኮምፒዩተሩ ለተማሪው አያስብለትም፤ ቅርጹን በልቡ ያላየ ሰው በማናቸውም መሣሪያ አይሥለውም።

ከገጠርም ከከተማም የሚመጡ ልጆች ይህን ኮርስ የሚፈሩት ስለማይችሉ ሳይሆን ከዚያ በፊት ስላልሞከሩት ነው። አንድ ሳሙና ወስዶ ማዕዘኑን በቢላዋ መቁረጥና ሦስቱን ገጽታ በወረቀት ላይ መሣል በቂ መለማመጃ ነው። ከዚያም ሥዕሉን ለጎረቤት ተማሪ ሰጥቶ፣ ሳሙናውን ሳያሳዩ «ይህን ዕቃ ከጭቃ ሥራልኝ» ማለት ነው። የተሠራው ጭቃ ከሳሙናው ጋር ካልተመሳሰለ ከሥዕሉ ወይም ከአንባቢው ስሕተት አለ፤ የቱ እንደሆነ ሁለቱ ተወያይተው ይደርሱበታል።

የኮምፒዩተር ፕሮግራምም ቢሆን ያለ ኮምፒዩተር ሊጀመር ይችላል። ከአንድ ክፍል ተማሪዎች ውጤት ትልቁን ለማግኘት የሚኬድበትን መንገድ፣ ምንም ለማያስብና የታዘዘውን ብቻ ለሚፈጽም ሠራተኛ እንደሚነገር አድርጎ ደረጃ በደረጃ መጻፍ ነው። «የመጀመሪያውን ቁጥር ያዝ፤ ከሚቀጥለው ጋር አወዳድር፤ የሚቀጥለው ከበለጠ የያዝከውን ጥለህ እርሱን ያዝ፤ ቁጥሮቹ እስኪያልቁ ድረስ ይህንኑ ድገም» እያሉ መሄድ ይቻላል። ቋንቋው በኋላ ይመጣል፤ መሠረቱ ይህ ነው።

የግቢ ኑሮ

ተማሪው ግቢ ሲደርስ ፍራሽና አልጋ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በፊት አይቷቸው ከማያውቃቸው፣ ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም ከእርሱ ሊለይ ከሚችል ልጆች ጋር በአንድ ዶርም ያድራል። በካፌ ተሰልፎ ይበላል፤ ልብሱን ራሱ ያጥባል፤ ገንዘቡን ራሱ ይቆጥራል። በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረትም ከተመረቀ በኋላ ከሚያገኘው ገቢ የሚከፍለው ወጪ እንዳለበት ውል ይፈርማል። «ተነሥ፣ አጥና፣ ተኛ» የሚለው ሰው የለም። ጊዜ የራሱ ሆነ ማለት ነው፤ ይህም ነጻነትም ፈተናም ነው።

ከሁሉ የከፋው ቀን የመጀመሪያው ፈተና ውጤት የሚለጠፍበት ቀን ነው። በትምህርት ቤቱ ከ1ኛ ክፍል እስከ 12ኛ ክፍል አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ ከ20 ስድስት ወይም ሰባት አግኝቶ ያያል። በዙሪያው ያሉት ሁሉ እንደ እርሱ በየትምህርት ቤታቸው አንደኛ የነበሩ መሆናቸውን አያስብም። «ለካ እኔ ደንቆሮ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ያታለልኩት ሰውን ነው» ይላል። ለቤተሰቡ አይነግርም፤ ለመምህሩም አይናገርም። አንዳንዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከክፍል መቅረት ይጀምራል። ብዙ ልጆች የሚጠፉት በዚህ ዝምታ ነው። አስቀድሞ አንድ ሰው «የመጀመሪያው ፈተና ዝቅ ሊልብህ ይችላል፤ ያን ጊዜ የጥናትህን ዘዴ ለውጥ እንጂ ራስህን አትናቅ» ብሎት ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር በዳነ ነበር። መጨረሻ ላይ ለመመረቅ የሚፈለገው አማካይ ውጤት ከ4.00 ነጥብ 2.00 ነው፤ በአንድ ፈተና መውደቅ የመንገዱ መጨረሻ አይደለም።

በቡድን ማጥናት የግቢ ኑሮ ትልቁ ጸጋ ነው። ሆኖም ቡድን ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ቡድን ሁሉም ጥያቄውን ለየብቻ ሞክረው ይመጡና በተለያዩበት ነጥብ ላይ ይከራከራሉ፤ ይህ ቡድን ሁሉንም ያሳድጋል። በሁለተኛው ቡድን አንዱ ይሠራል፤ የቀሩት ይገለብጣሉ። የገለበጠው ልጅ ለጊዜው ነጥብ ያገኛል፤ በፈተና ወንበር ላይ ግን ብቻውን ነው።

ስለ ሴት ተማሪዎች አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በላብራቶሪና በወርክሾፕ ቡድን ውስጥ መሣሪያውን ወንዶቹ ሲይዙ ሴቷ ተማሪ ሪፖርት እንድትጽፍ ሲደረግ ይታያል። ጽሕፈቷ ያማረ ነው እየተባለ ትመሰገናለች፤ እጇ ግን መሣሪያ ሳይነካ ሴሚስተሩ ያልቃል። ይህ ልማድ የሚጀምረው በዩኒቨርስቲ አይደለም፤ በእኛው ክፍል ውስጥ ነው። መለኪያውን በተራ ማስያዝ የመምህሩ ኃላፊነት ነው።

ከግቢ ውጭ

ምሕንድስና የሚማሩ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በ4ኛው ዓመት አንድ ሴሚስተር ከግቢ ወጥተው በፋብሪካ፣ በግንባታ ቦታ ወይም በመሥሪያ ቤት የተግባር ልምምድ ያደርጋሉ፤ ኢንተርንሺፕ የሚባለው ነው። እዚያ መጽሐፍ ያላነበበ ነገር ግን 20 ዓመት ሞተር የፈታ ቴክኒሻን ይገጥማቸዋል። ትሑት ሆኖ የጠየቀ ተማሪ ከዚህ ሰው የሚያገኘው ትምህርት ከማናቸውም ኮርስ አያንስም፤ «እኔ የዲግሪ ተማሪ ነኝ» ብሎ እጁን በኪሱ የከተተ ግን ሴሚስተሩን በከንቱ ያሳልፋል። በመጨረሻው ዓመት እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን ወይም በቡድን አንድ የመመረቂያ ሥራ ያቀርባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ከመመረቅ በፊት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና መውሰድ ግዴታ ሆኗል። ይህ ፈተና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ የተማሩትን የሚጠይቅ ስለሆነ ለሴሚስተር ፈተና ብቻ የተሸመደደ ነገር እዚህ ላይ አያድንም።

መምህሩ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ብዙ መምህራን «ላብራቶሪ የለንም፤ ክፍላችን 60 እና 70 ተማሪ ነው፤ ታዲያ ምን እናድርግ?» ይላሉ። ችግሩ እውነት ነው። ቢሆንም ከላይ የተመለከትናቸው ምሳሌዎች የጠየቁት ክር፣ ድንጋይ፣ ሳሙናና ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች በማናቸውም ትምህርት ቤት መፈጸም ይቻላል።

ሀ) በወር አንድ ጊዜ ቁጥሩ የጎደለ ጥያቄ መስጠት። ለምሳሌ «ትምህርት ቤታችን በዓመት ስንት ካርቶን ጠመኔ ይፈጃል?» ቢባል ተማሪው በቀን ስንት ክፍለ ጊዜ እንዳለ፣ በአንዱ ስንት ጠመኔ እንደሚያልቅ መገመት ይኖርበታል። ነጥቡ የሚሰጠው ለመልሱ ብቻ ሳይሆን ለምክንያቱ ይሁን።

ለ) መለኪያ ያልተጻፈበትን መልስ አለመቀበል። «5» የሚል መልስ ምንም ማለት አይደለም፤ 5 ሜትር ነው? 5 ሴኮንድ ነው? ወይስ 5 ኪሎግራም? ደግሞም መልሱ ከእውነት የራቀ መሆን አለመሆኑን ተማሪው ራሱ ይፍረድ። የሰው ቁመት 17 ሜትር ሆኖ ከወጣ ሒሳቡ የተሳሳተ መሆኑን ለማወቅ መምህር አያስፈልግም።

ሐ) የተሳሳተ አሠራርን በክፍል ፊት ሳያፍሩ መመርመር። በሰሌዳው ላይ የተሳሳተውን ተማሪ ማሳፈር ሌሎቹን ዝም ያሰኛል። «የት ላይ ነው የሳተው?» ብሎ ከሁሉም ጋር መፈለግ ግን ሁሉንም ያስተምራል።

መ) ተማሪው የመማሪያ መጽሐፉን ራሱ አንብቦ እንዲመጣ ማድረግ። በዩኒቨርስቲ የሚነበበው ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ማስታወሻ ብቻ እየተጻፈለት የቆየ ልጅ ገጹን ሲያይ ይዞርበታል። በሳምንት ሁለት ገጽ አንብቦ በራሱ ቃል በአማርኛም ሆነ በሌላ በሚናገረው ቋንቋ ማስረዳት መልካም ልምምድ ነው።

ሠ) በዩኒቨርስቲ የሚማሩ የቀድሞ ተማሪዎች ለዕረፍት ሲመጡ ትምህርት ቤቱን እንዲጎበኙ መጋበዝ። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው፣ አብዛኞቹም በየትምህርት ቤቱ ያስተምሩ እንደነበር ይታወቃል። ያ ሥርዓት ቢቀርም ሐሳቡ አልሞተም። አንድ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት መጥተው የመጀመሪያውን ፈተና እንዴት እንደወደቁና እንዴት እንደተነሡ ቢነግሩ፣ ከብዙ ምክር ይልቅ ያ ንግግር ይታወሳል።

ለተማሪዎች

ወደ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርስቲ ለመግባት የምታስቡ ተማሪዎች ሆይ፣ የምትሄዱበት ቦታ የተለየ አእምሮ ላላቸው ሰዎች ብቻ የተሠራ አይደለም። የሚፈልገው ትዕግሥትን፣ ጥያቄ መጠየቅንና እጅን ለሥራ ማንቀሳቀስን ነው። ዛሬ ማታ ከምትሸመድዱት ትርጉም አንዱን መርጣችሁ «ይህ በእኛ ሰፈር የት ይሠራል? ቁጥሩስ ስንት ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። የወፍጮ ቤቱን ሞተር፣ የጎረቤትን የፀሐይ መብራት፣ የወንዙን ድልድይ ተመልከቱ። ባለሙያውን ጠይቁ፤ ለመጠየቅ አትፈሩ። መልሱን ጻፉት፤ ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ አርሙት።

መምህራንም ብንሆን ልጆቹን የምንመዝነው ስንቱ እንደገቡ በመቁጠር ብቻ ከሆነ ሥራችን በሩ ላይ ይቀራል። ከበሩ ወዲያ ያለው መንገድ አምስት ዓመት ነው። የሚበላው ስንቅ ግን የሚዘጋጀው እዚህ፣ በእኛው ሰሌዳ ፊት ነው።